ሉማሜ ተመርጦ የቢቸና ዋጋ፦ ዘግይቶ የሚደርስ ዳታና የጋራ ስቴት በአንድ የእህል መቀበያ ገጽ

ጉዳዩ የተነሣው በምሥራቅ ጎጃም ካሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በአንዱ የእህል መቀበያ ገጽ ላይ ነው። ዩኒየኑ ከደጀን፣ ከሉማሜ፣ ከአማኑኤልና ከቢቸና ዙሪያ መሠረታዊ ማኅበራት ጤፍ ይሰበስባል፤ ሂሳቡ የሚዘጋው ደብረ ማርቆስ ነው። ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ ለየብቻ ዋጋ አላቸው። ዋጋው በየመጋዘኑ ይለያያል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ረፋድ ላይ ሊቀየር ይችላል። ተዘዋዋሪው ገዥ በስልኩ ገጹን ይከፍታል፣ መጋዘን ይመርጣል፣ ከሚዛኑ ያነበበውን ይሞላል፣ «መዝግብ» የሚለውን ይነካል፤ መቀበያ ደረሰኙ ከትንሿ ማተሚያ ይወጣል።

ገጹ የተሠራው ያለ ፍሬምወርክ (አስቀድሞ የተዘጋጀ የኮድ ማዕቀፍ)፣ ብራውዘሩ ራሱ በሚያውቃቸው ዌብ ኮምፖነንቶች፣ ማለትም ለየብቻ በተሠሩ የገጽ ክፍሎች ነው። ለአሮጌ ስልክና ለደካማ ኔትወርክ ሲታሰብ ምርጫው መጥፎ አልነበረም፤ የሚወርደው ኮድ ትንሽ ነው። ኮምፖነንቶቹ አራት ናቸው፦ የመጋዘን መምረጫ፣ የዋጋ ሰሌዳ፣ የርክክብ ቅጽና የክምችት ድምር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሞከር ምንም እንከን አልነበረበትም።

ቅሬታው የመጣው ከሉማሜ ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ የተሰጣቸውን ደረሰኝ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ከተጻፈው ዋጋ ጋር አስተያይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ዋጋ የኛ ነው ወይስ የቢቸና?» አሉ። ገዥው ስልኩን አዙሮ አሳያቸው። «የዚሁ ነው አያ፣ ይኸው ይዩት፣ ሉማሜ ይላል።» ከላይ በእርግጥም ሉማሜ ይላል። ከስሩ የተደረደረው ዋጋ ግን የቢቸና ነበር። ገጹ ተዘግቶ ሲከፈት ተስተካከለ። ደብረ ማርቆስ ተደውሎ ሲጠየቅም እዚያ ያለው ኮምፒውተር የሚያሳየው ትክክለኛውን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኔትወርኩ ግን ብልሽቱን አልሠራውም፤ ኮዱ ውስጥ የነበረውን አወጣው እንጂ።

መልሱ ትክክል፣ ጥያቄው ያለፈ

ተዘዋዋሪው ገዥ ከትናንት በስቲያ ቢቸና ስለነበረ ገጹ ሲከፈት በእሱ ስም የተቀመጠውን የመጨረሻ መጋዘን ይዞ ይነሣል፤ የቢቸናን ዋጋ ይጠይቃል። ቢቸና ሥር ያሉት ማኅበራት ብዙ ስለሆኑ ሰርቨሩ መልሱን አስልቶ እስኪልክ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መሀል ገዥው ሉማሜን ይመርጣል፤ ሁለተኛ ጥያቄ ይሄዳል። የሉማሜ መልስ ሰርቨሩ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ስለሆነ ወዲያው ይደርሳል፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ከዚያ የቢቸናው ከኋላ ይመጣና በላዩ ይጽፍበታል። የመጨረሻ የተጠየቀው ሳይሆን የመጨረሻ የደረሰው አሸነፈ። ደብረ ማርቆስ ቢሮ ይህ የማይታየው የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛው ጥያቄ ከመሄዱ በፊት ስለሚደርስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ አባባል አለ፦ ጃቫስክሪፕት (የገጹ ኮድ የተጻፈበት ቋንቋ) በአንድ ክር፣ ማለትም አንዱን ሥራ ከሌላው አስከትሎ ስለሚሠራ ሽሚያ የለበትም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሁለት መስመሮች በአንድ ቅጽበት አይሠሩም። ነገር ግን «አዌይት» (ጠብቅ) የሚለው ቃል ባለበት ሁሉ ፈንክሽኑ (አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ይቆማል፣ ገጹ ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ ፈንክሽኑ ሲመለስ ትቶት የሄደው ዓለም ላይኖር ይችላል። ሁለት የቆሙ ፈንክሽኖች ካሉ የሚቀሰቀሱት በተጠሩበት ቅደም ተከተል ሳይሆን መልሳቸው በደረሰበት ነው።

ብልሽቱን ደጋግሞ ለማየት መጀመሪያ የተሞከረው ብራውዘሩ ላይ ያለውን የኔትወርክ ማዘግያ ማብራት ነበር። ምንም አልታየም፤ ማዘግያው ሁለቱንም ጥያቄ እኩል ስለሚጎትት ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። የሚያስፈልገው አንዱን ብቻ ማዘግየት ነው። በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ቢቸና 4000 ሚሊሰከንድ፣ ሉማሜ 200 ሚሊሰከንድ እንዲዘገዩ ሲደረግ ስሕተቱ በእያንዳንዱ ሙከራ ወጣ። አልፎ አልፎ የሚመጣን ብልሽት ሁልጊዜ እንዲመጣ ሳያደርጉ መጠገን ጠገንኩ ብሎ ራስን ማታለል ነው።

ጥገናው ሁለት ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር መስጠት ነው (ፌች ጥያቄውን ለሰርቨር የሚልከው፣ ጄሰን ደግሞ የምላሹን ዳታ የሚያነበው ትእዛዝ ነው)፦

ተራ = የመጨረሻው ተራ + 1
የመጨረሻው ተራ = ተራ
ምላሽ = አዌይት ፌች(አድራሻ)
ተራ ከመጨረሻው ተራ ከተለየ ተመለስ
ዳታ = አዌይት ምላሽ.ጄሰን()
ተራ ከመጨረሻው ተራ ከተለየ ተመለስ
አሳይ(ዳታ)

ፍተሻው ሁለት ጊዜ መሆኑ ትርፍ አይደለም። ፌች የሚመለሰው የምላሹ ራስጌ (ከዳታው ቀድሞ የሚመጣው መግለጫ) ሲደርስ ነው፤ አካሉን ማንበብ ሁለተኛ ጥበቃ ነው፣ በደካማ ኔትወርክ ደግሞ ረጅሙ እሱ ሊሆን ይችላል። ከፌች በኋላ ብቻ ፈትሾ ከጄሰን በኋላ አለመፈተሽ ቀዳዳውን ያጠበዋል እንጂ አይደፍነውም።

ሁለተኛው ደረጃ በአቦርት ኮንትሮለር (በብራውዘሩ የማቋረጫ መሣሪያ) የቀደመውን ጥያቄ ማቋረጥ ነው። ይህ የዳታ ጥቅል ይቆጥባል። በኤችቲቲፒ 1.1 (ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት ደንብ) ደግሞ ብራውዘሮች ወደ አንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት መስመር በተለምዶ 6 ስለሆነ፣ የማይፈለግ ጥያቄ መስመር ይዞ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። የተቋረጠ ጥያቄ «አቦርት ኤረር» የሚባል ስሕተት ይወረውራል፤ ካች (ስሕተት የሚያዝበት የኮድ ክፍል) ውስጥ ስሙ ተለይቶ ካልታለፈ መጋዘን በተቀየረ ቁጥር ገዥው «ስሕተት ተፈጥሯል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያያል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆን የሚመረጠው ተራ ቁጥሩ ነው። ማቋረጥ ቁጠባ ነው፤ ትክክለኛነትን የሚጠብቀው ቁጥሩ ነው።

ሌላም ነገር ተስተካከለ፤ ምናልባት ከሁለቱም የሚበልጠው እሱ ነው። ስሙ የሚነበበው ከመምረጫው፣ ዋጋው የሚነበበው ከምላሹ ነበር። ሁለት ምንጭ ያለው አንድ መስመር አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም። አሁን ሰርቨሩ በምላሹ ውስጥ የመጋዘኑን ኮድ ጨምሮ ይልካል፤ ሰሌዳው ከዋጋው በላይ የሚጽፈው ስም ከዚያው ከምላሹ የወጣ ነው። ቅጹም መምረጫው ላይ ያለው ኮድና ዋጋው ላይ ያለው ኮድ ካልገጠሙ «መዝግብ»ን አይከፍትም።

አራት ኮምፖነንት፣ አራት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ

የኔትወርክ መዝገቡ ሲታይ አንድ መጋዘን በተመረጠ ቁጥር ያው አድራሻ አራት ጊዜ ይጠራ ነበር፤ መምረጫው ለስሙ፣ ሰሌዳው ለዋጋው፣ ቅጹ ለስሌቱ፣ ድምሩ ለክምችቱ። ወጪው አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን አራቱም ያያቸው ሰዓት የተለያየ መሆኑ ነው፤ ረፋድ ላይ ዋጋ ሲቀየር ሰሌዳው አዲሱን፣ ቅጹ አሮጌውን ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ስለዚህ አንድ የጋራ ቋት (የጋራ ስቴት፣ ማለትም አራቱም የሚያነቡት አንድ ማስቀመጫ) ተሠራ። ውስጡ አንድ ማፕ (በቁልፍ የሚፈለግ ዝርዝር) ነው፤ ቁልፉ የመጋዘኑ ኮድና ቀኑ፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ደግሞ ሁኔታው፣ ዳታው፣ ስሕተቱ፣ የደረሰበት ጊዜና በመንገድ ላይ ያለው ፕሮሚስ (ገና ያልደረሰን መልስ የሚወክለው)። ቋቱ ዳታውን ብቻ ሳይሆን ፕሮሚሱን መያዙ ወሳኝ ነው። ዳታው እስኪደርስ ተጠብቆ ቢቀመጥ፣ አራቱ ኮምፖነንቶች በአንድ ጊዜ ሲነሡ ቋቱ ለአራቱም ባዶ ነው፤ አራት ጥያቄ ይሄዳል። ፕሮሚሱ ከተቀመጠ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ያንኑ ይጠብቃሉ። ፕሮሚሱ ከወደቀ ደግሞ ከማፑ መውጣት አለበት። ያ ካልሆነ ለአንድ ደቂቃ የጠፋ ኔትወርክ ለቀኑ ሙሉ ይተርፋል፤ ገዥው «እንደገና ሞክር» ባለ ቁጥር ያው የወደቀ ፕሮሚስ ይመለስለታል።

ሁኔታው በፊት «እየጫነ ነው» እና «ስሕተት አለ» በሚሉ ሁለት እውነት-ወይም-ሐሰት ተለዋዋጮች ይያዝ ነበር። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ገጹ የሚሽከረከር ምልክትና ቀይ ጽሑፍ አብሮ ያሳያል፤ ሁለቱም ሐሰት ሲሆኑ ደርሷል ማለት ይሁን ገና አልተጠየቀም ማለት ይሁን አይለይም። በአንድ መስክና በአራት እሴት ተተካ፦ ያልተጠየቀ፣ በመንገድ ላይ፣ የደረሰ፣ የወደቀ። እሳቤው ትንሽ ነው፤ ከኮዱ ያወጣው የ«ከሆነ» ብዛት ግን ትንሽ አይደለም።

ጥያቄው የጋራ ሲሆን ማቋረጡ አደገኛ ሆነ። የክምችት ድምሩ ከገጹ ሲወጣ እንደ ልማዱ ያቋርጣል፤ ያንኑ ፕሮሚስ የሚጠብቀው የርክክብ ቅጽ ሳያስበው አቦርት ኤረር ይደርሰዋል። የጋራ የሆነን ነገር አንዱ ብቻውን መዝጋት የለበትም። ቋቱ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጠባቂ እንዳለ መቁጠር ጀመረ፤ ኮምፖነንት ሲወጣ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ጥያቄው የሚቋረጠው ቁጥሩ 0 ሲሆን ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን አንድ ወጥመድ ነበረው። ስልኩ ሲጋደም አንድ ስክሪፕት ሰሌዳውን ከአንዱ ዓምድ አንሥቶ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ኤለመንትን ማዛወር ለብራውዘሩ ነቅሎ መትከል ነው፤ ሲነቀል የሚሠራው «ዲስኮኔክትድ ኮልባክ» ይጠራል፣ ተከትሎ ሲተከል የሚሠራው «ኮኔክትድ ኮልባክ»። ቁጥሩ ለአንድ አፍታ 0 ይነካና ጥያቄው ተቋርጦ ከዜሮ ይጀምራል። ስልኩን ለገበሬው ለማሳየት ያዞረ ሁሉ ዋጋውን ከመጀመሪያው ይጠብቃል ማለት ነው። መፍትሔው በዲስኮኔክትድ ኮልባክ ውስጥ አንድ ማይክሮታስክ (የአሁኑ ኮድ እስኪያልቅ ያለች አጭር ጥበቃ) ጠብቆ «ኢዝ ኮኔክትድ» (ገጹ ላይ አለ ወይ) የሚለውን መጠየቅ ነው፤ አሁንም ገጹ ላይ ካለ ምንም አይነካም። ከዚያም የሚሻለው በኋላ ተደረገ፦ ማዛወሩ ቀርቶ አደራደሩ በሲኤስኤስ ግሪድ (በገጹ የአቀማመጥ ደንብ) ሆነ። ኤለመንቱ ካልተነቀለ ጣጣውም የለም።

የአድማጮች (አንድ ነገር ሲከሰት እንዲጠሩ የሚመዘገቡ ፈንክሽኖች) ጉዳይ ለመናገር አሰልቺ ነው፣ በየፕሮጀክቱ ግን ይገኛል። ሰሌዳው ሲገባ አድማጭ ይመዘግባል፣ ሲወጣ ያነሣል፤ ቢያንስ የተጻፈው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ሲያስመዘግብም ሲያነሣም «ባይንድ» (ፈንክሽንን ከኮምፖነንቱ ጋር የሚያስረው ትእዛዝ) ይጠራል፤ ባይንድ ደግሞ በተጠራ ቁጥር አዲስ ፈንክሽን ይሰጣል። ስለዚህ እንዲነሣ የተጠየቀው ያልተመዘገበ እንግዳ ነው፤ የተመዘገበው ባለበት ይቀራል፣ ብራውዘሩም ምንም አይልም። ገዥው ወደ ደረሰኞች ዝርዝር ሄዶ በተመለሰ ቁጥር አንድ የሞተ ሰሌዳ ከኋላ እየሰማ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ስልኩ መጋልና መንቀራፈፍ ይጀምራል። አሁን ኮምፖነንቱ ሲገባ አንድ አቦርት ኮንትሮለር ይፈጥራል፣ የማቋረጫ ሲግናሉን አድማጭ ለሚመዘግበው «አድ ኢቬንት ሊስነር» ይሰጣል፤ ሲወጣ አንድ ጊዜ ያቋርጣል፣ ሁሉም አድማጭ አብሮ ይነሣል።

የቀይ ጤፍ በነጭ ዋጋ

ይህኛው ከሁሉም የተደበቀ ነበር፤ ከኔትወርክም ጋር ግንኙነት የለውም። የጋራ ቋት ከተሠራ በኋላ አልፎ አልፎ የቀይ ጤፍ ርክክብ በነጭ ዋጋ ይሰላ ጀመር። ከቋቱ በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተጠረጠረው ቋቱ ነው። ቋቱ ግን የሚያቀብለውን ዳታ አይነካም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋጋዎቹ ከሰርቨር የሚመጡት በዝርዝር ነው፤ በተራ 0 ነጭ፣ በተራ 1 ሰርገኛ፣ በተራ 2 ቀይ። ቅጹ የጤፉን ዓይነት በስሙ ሳይሆን በተራው ይይዛል፤ ገዥው ቀይን ሲመርጥ ቅጹ 2 ብሎ ያስታውሳል። የዋጋ ሰሌዳው ደግሞ «ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ» የሚል ቁልፍ አለው፤ ሲነካ ዝርዝሩን በ«ሶርት» ይደረድራል። ሶርት አዲስ ዝርዝር አይሰጥም፤ ያንኑ ዝርዝር እዚያው ያገላብጠዋል። እያንዳንዱ ኮምፖነንት የየራሱ ቅጂ በነበረው ጊዜ ይህ ማንንም አይጎዳም ነበር። ቋቱ ሲመጣ ግን ሰሌዳውና ቅጹ የያዙት አንድ ዝርዝር ሆነ። ሰሌዳው ደረደረ፣ ቀይ ወደ ተራ 0 ወጣ፣ ነጭ ወደ ተራ 2 ወረደ፤ ቅጹ 2 ብሎ ሲጠይቅ የነጭ ዋጋ ተሰጠው። ገዥው ዋጋ በቅደም ተከተል ማየት ፈለገ እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ጥፋተኛውን ያወጣው አንድ መስመር ነው። በሙከራ ወቅት ቋቱ የሚያወጣውን ሁሉ በ«ኦብጀክት ፍሪዝ» (እንዳይቀየር በሚቆልፍ ትእዛዝ) አሰረው። ሶርት የታሰረን ዝርዝር ማገላበጥ ስለማይችል፣ ለመደርደር የሞከረው መስመር ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ ስሕተት ወረወረ፤ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር አብሮ ወጣ። ፍሪዝ የሚያስረው የላይኛውን ደረጃ ብቻ ስለሆነ ወደ ውስጥ እየገባ የሚያስር አጭር ፈንክሽን አስፈልጓል።

ጥገናው በሁለቱም በኩል ሆነ። ሰሌዳው በ«ስላይስ» ገልብጦ ቅጂውን ይደረድራል። ሳያገላብጥ የሚደረድር «ቱሶርትድ» የሚባል አዲስ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ቋንቋው ገብቷል፤ ያልታደሰ ብራውዘር ያላቸው ስልኮች ግን አያውቁትም፣ ስለዚህ አልተመረጠም። ቅጹ ደግሞ ተራን መያዝ ትቶ የጤፉን ኮድ ያዘ። ሁለተኛው ጥገና ባይኖር ሰርቨሩ አንድ ቀን አራተኛ ዓይነት መሀል ላይ ቢጨምር ያው ስሕተት በሌላ በር ይገባ ነበር።

«0 ኩንታል»

ክምችት ድምሩ አንዳንድ ጊዜ «0 ኩንታል» ይል ነበር፤ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ጆንያ ተደርድሮበት። ደብረ ማርቆስ ያለው ኃላፊ ቁጥሩን አይቶ የመጫኛ መኪና ሊሰርዝ ደርሶ ነበር።

ሁለት ስሕተት ተደራርቧል። ፌች የሚወድቀው መልስ ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ሰርቨሩ 500 ወይም 502 (የሰርቨር ስሕተት ኮዶች) ብሎ ቢመልስ ለፌች ያ የተሳካ ጥያቄ ነው። የምላሹን «ኦኬ» (ተሳክቷል ወይ የሚለውን ምልክት) ሳይመለከት ወደ ጄሰን ያለፈው ኮድ 502 ይዞት የመጣውን የኤችቲኤምኤል ገጽ ሊያነብ ሲሞክር ወደቀ፤ ካቹ ውድቀቱን ዋጠና ባዶ ኦብጀክት መለሰ። ከዚያ ድምሩ «ክምችት || 0» በሚል መስመር አለፈ፤ የሌለው ሁሉ 0 ሆነ። «||» የሚለው ምልክት ያልታወቀውንም እውነተኛውን ዜሮም አንድ አድርጎ ያያል። «??» (ለሌለ እሴት ብቻ መተኪያ የሚሰጠው ምልክት) ቢሆን ኖሮም መተኪያው 0 እስከሆነ ድረስ ሁለቱ አይለዩም ነበር፤ ስለዚህ ለክብደትና ለገንዘብ ማንኛውንም መተኪያ ቁጥር አለመስጠት ይመረጣል። አሁን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች አሉ፦ ዳታው ደርሶ ዜሮ ከሆነ «መጋዘኑ ባዶ ነው»፤ ካልደረሰ ሰረዝ ብቻ፤ ከወደቀ ደግሞ የመጨረሻው የታወቀ ቁጥርና «ከ7 ደቂቃ በፊት» የሚል ዕድሜ። ዕድሜው በስልኩ ሰዓት ሳይሆን «ፐርፎርማንስ ናው» በሚሰጠው ቆጣሪ ይሰላል፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ወይም መሀል ላይ የተስተካከለ ስልክ «ከ2 ሰዓት በኋላ የደረሰ» ዋጋ እንዳያሳይ።

ከ10 ደቂቃ በላይ ያረጀ ዋጋ ይታያል፣ ግን አይመዘገብበትም፤ ይህ የቡድኑ ውሳኔ ነው እንጂ የቴክኒክ ሕግ አይደለም።

መመዝገብ ከማንበብ ይከብዳል

የተሳሳተ ንባብ እንደገና ይነበባል። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ ግን ገንዘብ ነው። ገዥው «መዝግብ» ይነካል፣ ምንም ሲያጣ ደግሞ ይነካል። «መዝግብ»ን የሚያደነዝዘው መስመር ከመጀመሪያው አዌይት በኋላ ስለተጻፈ በመሀሉ ክፍተት ነበር። ከአዌይቱ በፊት እንዲሆን፣ የሚመለሰውም በ«ፋይናሊ» (ቢሳካም ባይሳካም በሚሠራው የኮድ ክፍል) እንዲሆን ተደረገ። ይህ ግን ጣትን ነው የሚከለክለው፤ ኔትወርክን አይከለክልም።

ፌች በራሱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ 15 ሰከንድ በ«አቦርት ሲግናል ታይምአውት» ተሰጠው። ጊዜው ሲያልፍ የሚወረወረው «ታይምአውት ኤረር» ነው፣ ከአቦርት ኤረር የተለየ። እዚህ ላይ ገጹ በፊት «አልተመዘገበም» ይል ነበር፤ ይህ የማይታወቅን ነገር እንደታወቀ መናገር ነው። ጥያቄው ሰርቨሩ ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ የጠፋው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ላይ ማቋረጥ ሰርቨሩ ላይ የተሠራውን አይሽርም። አሁን የሚወጣው ጽሑፍ «መመዝገቡ አልተረጋገጠም፤ እየተጣራ ነው» የሚል ሲሆን ገጹ ያንኑ ጥያቄ በዚያው የርክክብ መለያ ቁልፍ ደግሞ ይልካል።

ይህ መለያ ቁልፍ ለእያንዳንዱ ርክክብ አንድ ጊዜ የሚወጣ የማይደገም ጽሑፍ ነው። የሚወጣው ቅጹ ሲከፈት ነው፣ «መዝግብ» ሲነካ አይደለም፤ በየንክኪው ከወጣ የየንክኪው ደረሰኝ አዲስ ሆኖ ይቆጠራልና ጥቅሙ ይጠፋል። ከረቂቁ ጋር ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ገጹ ቢዘጋም አብሮት ይተርፋል። ሰርቨሩ ላይ ቁልፉ የሚገባበት ዓምድ እንዳይደገም ታስሯል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አዲስ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ የመጀመሪያውን የደረሰኝ ቁጥር ይመልሳል። በሙከራ ጊዜ አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመ፦ ቁልፉን የሚያወጣው «ራንደም ዩዩአይዲ» በስልክ ሲከፈት ጠፋ። በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ወይም ሰርቨሩ በሚሠራበት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ፣ የቢሮውን የሙከራ ሰርቨር በተራ ኤችቲቲፒ አድራሻ የከፈተ ስልክ አያገኘውም። ለሙከራ ሰርቨሩ ሰርተፍኬት ተደረገለት።

ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ ቅጹ ያሰላውን ብር ለሰርቨር መላኩ ቀረ። የሚላከው ክብደቱ፣ የጤፉ ኮድና የዋጋው የእትም ቁጥር (ዋጋ በተቀየረ ቁጥር የሚቀየረው መለያ) ነው። ገዥው ሲመዝን ደብረ ማርቆስ ላይ ዋጋ ተቀይሮ ከሆነ እትሙ አይገጥምም፤ ሰርቨሩ 409 (አልገጠመም የሚል ኮድ) ብሎ አዲሱን ይመልሳል፣ ቅጹ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያሳያል፣ ገበሬው አይተው ይወስናሉ። በዝምታ በአዲሱ መተካት ለፕሮግራመር ይቀላል፤ ሚዛን ላይ ጤፋቸውን ላስቀመጡ ሰው ግን ክህደት ነው።

ክምችት ድምሩ ከምዝገባ በኋላ ሰርቨሩን ሳይጠብቅ ቁጥሩን ያሳድግ ነበር። 12 ኩንታል ይጨምራል፤ ከምዝገባው በፊት ተጠይቆ የዘገየ ንባብ ይደርስና መልሶ ይቀንሰዋል፤ ከአፍታ በኋላ ደግሞ ያድጋል። ተራ ቁጥሩ ይህን አይዝም፤ ንባቡ የመጨረሻው ንባብ ነውና። ቋቱ ለየቁልፉ የምዝገባ ዘመን ያዘ፤ ምዝገባ ሲጀምርም ሲያልቅም ዘመኑ በ1 ያድጋል፣ በቀደመ ዘመን የተነሣ ንባብ ሲደርስ ይጣላል፣ ምዝገባው እንዳለቀም አዲስ ንባብ ይጠየቃል። ቁጥሩን አስቀድሞ ማሳደጉም ቀረ። «ያልጸደቀ፦ 12 ኩንታል» የሚል መስመር ከድምሩ ሥር ይወጣል፤ ሰርቨሩ ሲያጸድቅ ወደ ድምሩ ይገባል። በማኅበራዊ ሚዲያ ለመውደድ ምልክት (ላይክ) አስቀድሞ መቁጠር ምንም አይደል፤ በእህል ላይ ግን አይደረግም።

ፈተናውና የቀረው

ፈተናዎቹ እውነተኛ ጊዜ አይጠብቁም። ፌች በሐሰተኛ ይተካል፤ እሱም የሚመልሰው ፈታኙ በፈለገው ሰዓት የሚፈታው ፕሮሚስ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ ጥያቄ በሁለቱም ቅደም ተከተል ይፈታል፦ ሀ ከዚያ ለ፣ ለ ከዚያ ሀ። በተጨማሪ አንዱ ወድቆ ሌላው ሲሳካ፣ ኮምፖነንቱ ከወጣ በኋላ መልስ ሲደርስ፣ ተዛውሮ ሲመለስና ምዝገባ በንባብ መሀል ሲገባ ይሞከራል። «300 ሚሊሰከንድ ጠብቅ» የሚል ፈተና አንድም የለም፤ እንዲህ ያለው ፈተና በፈጣን ኮምፒውተር አልፎ በዘገምተኛው ይወድቃል፣ ከዚያ ማንም አያምነውም።

በአንድ ስልክ ሁለት ታብ የከፈተ ገዥ ሌላ ጣጣ ነበር፤ እያንዳንዱ ታብ የራሱ ቋት አለውና። በታቦች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ «ብሮድካስት ቻነል» ተጨመረ። በእሱ የሚተላለፈው የተቀየረው የቋት ቁልፍ ብቻ ነው፣ ዳታው አይተላለፍም፤ ሌላኛው ታብ ቁልፉን ሲሰማ ከሰርቨር እንደገና ያነባል። ዳታው ቢተላለፍ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ መልስ አሁን ደግሞ በታቦች መካከል ይመጣ ነበር።

ኔትወርክ ጨርሶ የሌለበት ሰዓት በገጹ አልተፈታም። ገዥው በወረቀት ይቀበላል፣ ምሽት ላይ ያስገባል። ለዚህ ሲባል ግድግዳው ላይ በጠመኔ ከሚጻፈው ዋጋ ጎን የእትም ቁጥሩ አብሮ ይጻፋል፤ ገዥውም ወረቀቱ ላይ ይገለብጠዋል። የወረቀት ርክክብ ሲገባ ቅጹ በዚያ ሰዓት ያለውን ዋጋ ከቋቱ አያነብም፤ ያንን ቁጥር ይጠይቃል፣ ካልተሞላ አያልፍም።